በቀጭን ክርና በትንሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ፦ ከባሌ ትራውት ወደ ወሎ ወንዞች

በወሎ የክረምቱ ዝናብ አብቅቶ መስቀል ካለፈ በኋላ ወንዞቻችን ደለላቸውን ቀስ በቀስ አራግፈው ይጠራሉ። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ የበልጉ ዝናብ እስኪመጣ ባሉት ወራት ውኃው እየቀነሰና እየጠራ ስለሚሄድ፣ በጥልቅ ኩሬ ሥር ያለ ጠጠር ሳይቀር ከዳር ሆኖ ይታያል፤ ዓሣውም በበኩሉ ከዳር የቆመውን ሰው፣ የሚወረወርለትን ክርና መንጠቆውን አጥርቶ ያያል። በዚህ ወቅት በየሱቁ በሚሸጠው ወፍራም ናይለንና በትልቅ መንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ከዚህም የተነሣ ወንዙ ሲጠራ ዓሣው ይጠፋል ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ዓሣው ግን አልጠፋም። እዚያው ኩሬው ውስጥ ሆኖ ፍሰቱ የሚያመጣለትን ጥቃቅን ነፍሳት እየመረጠ ይበላል።

ይህን ተሞክሮ የምጽፈው በደሴ፣ በሐይቅ፣ በኮምቦልቻና በመርሳ ለሚኖሩ፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም በፀጉርና በላባ ተጠምጥሞ ነፍሳትን እንዲመስል በተሠራ መንጠቆ፣ ማጥመድን ለመማር ለሚፈልጉ ወጣቶች ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ማስጨበጥ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ቀጭን ክር የሚያስፈልገው ዓሣው ክሩን እንዳያይ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን በውኃ ዳር በቆየሁ ቁጥር የተረዳሁት ዋናው ጥቅም ሌላ መሆኑን ነው። ቀጭንና ረጅም የጫፍ ክር፣ ማለትም ዝንቧ የምትታሰርበት የመጨረሻው ክር፣ ዝንቧ በምንም ነገር ያልታሰረች ይመስል ከፍሰቱ ጋር በራሷ መንገድ እንድትሄድ ይፈቅድላታል። ዓሣን የሚያሸሸው ክሩን ማየቱ ሳይሆን በአብዛኛው ዝንቧ ከውኃው ተለይታ ስትጎተት ማየቱ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

ዘዴውን የተማርሁት በባሌ ነው። ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ በተፈጥሮው የኢትዮጵያ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኬንያ ደጋ ወንዞች የገባ ሲሆን፣ ከዓሥርት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከኬንያ ወደ ባሌ ተወስዶ ተለቀቀ። ዛሬ በድንሾ አካባቢ በሚፈሱት በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች ቡናማ ትራውትና ሬይንቦ ትራውት ይገኛሉ። ትራውት የሚመቸው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ውኃ ሲሆን ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይጨነቃል፤ በባሌ መኖር የቻለውም ወንዞቹ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚፈሱ ነው። ዳንካ ጠባብና ጥርት ያለች በመሆኗ ዓሣው ከድንጋይ ሥር ወጥቶ ዝንቧን ሲከተል፣ አፍንጫውን አስጠግቶ ሲመረምርና ትቶ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንኑ ዓሣ፣ በዚያው ስፍራ፣ በዚያችው ዝንብ፣ ነገር ግን በቀጠነና በረዘመ የጫፍ ክር ስሞክረው ሳያመነታ ይዞታል። የክርን ጉዳይ በቁም ነገር መያዝ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው።

በወሎ ወንዞች ትራውት የለም፤ ዘዴው ግን እንዳለ ይሠራል። ከሱሉላ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ ወደ አፋር በሚወርደው በሚሌ፣ እንዲሁም በቦርከና፣ ባለሙያዎች ላቤዎባርበስ ከሚሉት ወገን የሆኑ ዓሦች ይኖራሉ። ከእነዚህ መካከል በአፉ ጠርዝ ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቀ የሚመገበው በሶ ለዝንብ እምብዛም አይመጣም፤ በአፉ ዳርና ዳር ሁለት ሁለት ጢም ያለው ትልቁ ነጭ ዓሣ ግን ነፍሳትን አዘውትሮ ስለሚበላ በትንሽ ዝንብ በደንብ ይያዛል። በሐይቅና በሐርድቦ ሐይቆች ደግሞ ቆሮሶ አለ። ቆሮሶ በሐይቅ የነበረ ዓሣ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ተወስዶ የተለቀቀ ነው፤ ዛሬ ግን የአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች ዋነኛ መተዳደሪያ ሆኗል።

አንዳንድ ወዳጆቼ ትራውትን ወደ ወሎ ደጋ ወንዞች አምጥተን ብንለቅስ እያሉ ይጠይቁኛል። በዚህ ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ። ትራውት ሌሎች ዓሦችን የሚበላ አዳኝ ነው፤ በደቡባዊ አፍሪካ ተራራማ ወንዞች ከገባ በኋላ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ትናንሽ ዓሦችን አመናምኗል። ከአፋቸው በታች ባለ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩት ጋራ የተባሉት ትናንሽ ዓሦቻችንና የነጭ ዓሣ ጫጩቶች እንዲህ ያለውን አዳኝ የሚያመልጡበት ስፍራ በጠባብ የደጋ ወንዝ ውስጥ የላቸውም። ትራውት ማጥመድ የሚፈልግ ሰው ፈቃድ አውጥቶ ባሌ ይሂድ፤ በወሎ ያለውን ዓሣ ደግሞ በወሎ እናጥምድ።

ዝንቧ ምን ያህል ማነስ እንዳለባት ለማወቅ ከወንዙ ዳር አንድ ድንጋይ አንሥቶ ሥሩን ማየት ከማንኛውም ምክር ይሻላል። ከድንጋዩ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ጭራ ያላቸው፣ ጠፍጣፋ ወይም ሞላላ ሆነው የሚሯሯጡ የነፍሳት እጮች ይታያሉ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር አይበልጡም። ጸጥ ባለው ውኃና በሐይቆቹ ውስጥ ደግሞ ከደለል ወጥተው ወደ ላይ የሚንሳፈፉ የትንኝ ዓይነቶች ኩብኩባዎች አሉ፤ እነዚህ ከዚያም ያንሳሉ። የመንጠቆ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን መንጠቆው ያንሳልና፣ ለእጮቹ ቁጥር 16 እና 18፣ ለትንኞቹ ደግሞ ቁጥር 20 እና አልፎ አልፎ 22 ይስማማሉ። ቁጥር 18 መንጠቆ ርዝመቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሩብ ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ይፈልጋል ብሎ ማመን ለጀማሪ ያስቸግራል፤ የዓሣውን ሆድ ዕቃ የከፈተ ሰው ግን የሚያገኘው ይህንኑ ነው።

ትናንሽ መንጠቆዎች በደሴም ሆነ በሐይቅ ሱቆች ስለማይገኙ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስመጣት ግድ ይላል። ከዚያ በቀር ለዝንብ መሥሪያ የሚያስፈልገው ሁሉ በቤታችን አለ። እኔ የምጠቀመው ከተቃጠለ የሞተር መጠምጠሚያ የሚወጣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ፣ ቡናማና ግራጫ የበግ ፀጉር፣ ቀጭን የስፌት ክርና የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው። ለእጭ ዝንብ መንጠቆውን በትንሽ ሞርሳ አስሬ የመዳቡን ሽቦ ከደረቷ ላይ ወፈር፣ ወደ ጭራዋ ሳሳ አድርጌ እጠመጥማለሁ፤ ሽቦው ክብደት ስለሚሰጣት ያለ ሌላ እርሳስ ትሰምጣለች። ከዚያም ጥቂት የበግ ፀጉር በጣቴ ፈትዬ በላዩ እጠቀልላለሁ፤ ፀጉሩ መብዛት የለበትም፤ የተሠራችው ዝንብ ገላዋ ሳስቶ ሽቦው በመካከሉ ብልጭ ሲል ይመረጣል። በውኃው ላይ ለምትንሳፈፈው ዝንብ ደግሞ የገብስማ አውራ ዶሮ ላባ የሚወዳደረው አላገኘሁም፤ ነጭና ጥቁሩ የተሰበጣጠረ ቀለሙ ሲጠመጠም የሚንቀጠቀጥ ክንፍ ይመስላል። ላባው ከጎለመሰ ዶሮ ቢሆን ይጠነክራል፤ የጫጩት ላባ ውኃ ስለሚመጥ ዝንቧን ያሰምጣታል። የስፌቱን ክር አስቀድሞ በሰም ማሸት ደግሞ ለመንሳፈፍም ለመጥበቅም ይረዳል።

አሁን ወደ ክሩ እመለሳለሁ፤ የዚህ ሥራ ልብ ያለው እዚህ ነውና። በዝንብ ማጥመድ ውስጥ ዝንቧ ክብደት ስለሌላት የምትወረወረው በራሷ አይደለም፤ የሚወረወረው ከበድ ያለው ዋናው ክር ነው። ከዋናው ክር ጫፍ ላይ መሪ ክር ይያያዛል፤ ይህም ከመነሻው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ2.7 እስከ 3.6 ሜትር የሆነ ክር ነው። በቡሄ የሚያጮኸው ጅራፍ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ እንደሚሄድና ኃይሉን ሳያባክን እስከ ጫፉ እንደሚያደርስ ሁሉ፣ መሪ ክሩም የእጅን ኃይል እያለሰለሰ ዝንቧን በቀስታ ያሳርፋል። በመጨረሻ የሚያያዘው፣ ዝንቧ የምትታሰርበት ቀጭኑ የጫፍ ክር ነው።

የጫፍ ክር ውፍረት በኤክስ ቁጥር ይገለጻል። ከ11 ላይ የኤክሱ ቁጥር ሲቀነስ የክሩ ውፍረት በሺኛ ኢንች ይገኛል፤ ለምሳሌ ስድስት ኤክስ ማለት ከ11 ላይ 6 ተቀንሶ 5 ሺኛ ኢንች፣ ማለትም 0.127 ሚሊ ሜትር ነው። አምስት ኤክስ 0.15፣ ሰባት ኤክስ 0.10 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከመንጠቆው ጋር ለማመጣጠን የሚሠራበት ቀላል መንገድ የመንጠቆውን ቁጥር ለ3 ማካፈል ነው፤ ቁጥር 18 ለ3 ሲካፈል 6 ስለሚሆን ስድስት ኤክስ ይስማማዋል ማለት ነው። ይህ ስሌት መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ውኃው በጣም በጠራና በቀዘዘ ጊዜ እኔ አንድ ደረጃ አቀጥናለሁ። ናይለን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከመፈልሰፉ በፊት የጫፍ ክር የሚሠራው ከሐር ትል አንጀት ነበር፤ ከመጠቀም በፊት በውኃ ተነክሮ መለስለስ ነበረበት፤ ያን ያህል ቀጥኖ የሚበረክት ክር ማግኘትም ብርቅ ነበር። እኛ ዛሬ በቀላሉ የምናገኘውን ነገር ዋጋ ለማወቅ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

የክር ውፍረት ሲቀንስ ሁለት ነገሮች በእኩል አይቀንሱም። የክሩ ጥንካሬ የሚቀንሰው በውፍረቱ ካሬ ልክ ሲሆን፣ አልታጠፍም ባይነቱ የሚቀንሰው ግን በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ነው። ከ0.15 ወደ 0.10 ሚሊ ሜትር የወረደ ሰው ከጥንካሬው ከግማሽ በላይ ያጣል፤ የክሩ ግትርነት ግን ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። በናይለን ሲሰላ ይህ ከ2 ኪሎ ግራም ገደማ ወደ 1 ኪሎ ግራም ገደማ መውረድ ማለት ነው። ቀጭን ክር ዓሣን የሚያታልለው በዚህ ምክንያት ነው፦ ትንሽዬዋን ዝንብ የሚገፋት ትንሽ ፍሰት ነውና፣ ግትር ክር ዝንቧን ይዟት ሲቀር ልስልስ ክር ግን አብሯት ይታጠፋል። ርዝመቱም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሜትር የሚሆን የጫፍ ክር በውኃው ላይ ልል ብሎና ተጠማዝዞ ሲያርፍ፣ ያ ጥምዝ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ድረስ ዝንቧ ነጻ ናት። ዝንቧ እየተጎተተች መሆኗን ለማወቅ ከአጠገቧ የሚሄድ የአረፋ ነጥብ መርጬ ሁለቱን አብሬ እመለከታለሁ፤ አረፋው ቀድሟት ከሄደ ወይም እርሷ አረፋውን ከቀደመች፣ በዓይን የማይታይ ቢሆን እንኳ መጎተት አለ።

ስለ መታየት ጉዳይም ጥቂት ማለት ይገባል። ፍሎሮካርቦን የተባለው ክር ብርሃንን የሚያጥፍበት ልክ ከናይለን ይልቅ ለውኃ የቀረበ ስለሆነ በውኃ ውስጥ ያነሰ ይታያል ይባላል፤ እውነትነት አለው። ለእኔ የበለጠ የሚጠቅመኝ ግን ክብደቱ ነው፦ የውኃ እፍግታ 1 ሲሆን የናይለን 1.14፣ የፍሎሮካርቦን 1.78 ያህል በመሆኑ፣ ፍሎሮካርቦን ለምትሰምጥ ዝንብ፣ ናይለን ደግሞ ለምትንሳፈፍ ዝንብ ይስማማል። በፀሐያማ ቀን ከሁሉ የሚያስደነግጠው በውኃው ወለል ላይ የተንሳፈፈ የጫፍ ክር ነው፤ ወለሉን ስለሚያጎደጉደው ከሥር ባለው ጠጠር ላይ ከራሱ ከክሩ ብዙ እጥፍ የሚሰፋ ጥላ ይጥላል። ይህን ለማስቀረት ከወንዙ ዳር የወሰድሁትን ለስላሳ ሸክላ አፈር በጥቂት የፈሳሽ ሳሙና ጠብታ ለውሼ በጣቴ መካከል ክሩን እስበዋለሁ፤ ቅባቱ ይለቅና ከወለሉ ዝቅ ብሎ ይሰምጣል፤ ብልጭታውም ይጠፋል። በወሎ እንዲህ ያለ አፈር የሌለበት ወንዝ አላውቅም።

ክሩ ምንም ያህል ቢቀጥን ሰውዬው ከታየ ጥቅም የለውም። ዓሣ ከውኃ በላይ ያለውን የሚያየው 97 ዲግሪ በሆነ ክብ መስኮት ውስጥ ሲሆን፣ የመስኮቱ ስፋት ዓሣው ካለበት ጥልቀት ሁለት እጥፍ ከሩብ ያህል ይሆናል፤ በግማሽ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዓሣ መስኮቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከመስኮቱ ጠርዝ አጠገብ፣ ከውኃው ወለል በላይ ከ10 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን ላይ የሚገኝ ነገር ለዓሣው ተጨፍልቆና ደብዝዞ ስለሚታይ፣ ሙሉ ቁመቱን ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው 9 ሜትር ገደማ፣ ተንበርክኮ ቁመቱን ወደ 1 ሜትር ያወረደ ሰው ደግሞ 6 ሜትር ገደማ ድረስ ሊቀርብ ይችላል። ዓሣ ፊቱን ወደ ፍሰቱ አዙሮ ስለሚቆም ከበታቹ፣ ከኋላው መቅረብ ይሻላል። ነጭ ጋቢ ለብሶ ወንዝ ዳር መቆም ዓሣን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ነውና፣ የሣርና የአፈር ቀለም ያለው ልብስ ይመረጣል። እርምጃም ለስላሳ ይሁን፤ ዓሣ በጎኑ ባለው መስመር የመሬቱን ንዝረት ይሰማል።

ዘንግና የክር መጠቅለያ መግዛት ለማይችል ሰው የምመክረው ቋሚ ክር ያለው የቀርከሃ ዘንግ ነው። በጃፓን ተንካራ የሚባለው የማጥመድ ዘዴ በዚህ መልክ ይሠራል፤ መጠቅለያ የለውም፤ ክሩ በዘንጉ ጫፍ ላይ በቀጥታ ይታሰራል። ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ የሚታጠፍ ቀርከሃ ተመርጦ፣ ከዘንጉ እኩል የሚረዝም ወፈር ያለ ክርና በእርሱ ጫፍ አንድ ሜትር ያህል 0.12 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር የጫፍ ክር ቢያያዝበት ለሚሌ ጠባብ ኩሬዎች ከበቂ በላይ ነው። ዘንጉን ከፍ አድርጎ በመያዝ ወፍራሙን ክር ሙሉ በሙሉ ከውኃው በላይ ማንሳት ስለሚቻል፣ ውኃውን የሚነካው ቀጭኑ ክር ብቻ ይሆናል፤ መጎተቱም ከሥሩ ይቀንሳል። በርካሽ የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ ለዚህ አንድ ዓላማ ከውድ ዕቃ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። መጠቅለያ ያለው ዘንግ የሚገዛ ሰው ግን ከ2.4 እስከ 2.7 ሜትር የሚረዝም፣ ቁጥሩ 3 ወይም 4 የሆነ ልስልስ ዘንግ ይምረጥ፤ ጠንካራ ዘንግ ቀጭን ክርን ዓሣው በያዘ ቅጽበት ይበጥሰዋል።

ቀጭን ክር የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ በቋጠሮው ላይ ነው። ዝንቧን ለማሰር ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፌ በራሱ ላይ ስድስት ጊዜ እጠመዝዘዋለሁ፤ ጫፉን ከቀዳዳው አጠገብ ባለው የመጀመሪያ ቀለበት አስገብቼ፣ እንደገና በተፈጠረው ትልቅ ቀለበት ውስጥ እመልሰዋለሁ። ከማጥበቄ በፊት በምራቄ አረጥበዋለሁ፤ ደረቅ ክር ሲጠብቅ በፍትጊያ ስለሚሞቅ ናይለኑ ይዳከማል። ክርን ከክር ለመቀጠል ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አድርጎ በአንድ ቀለበት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አብሮ ማሳለፍ ይበቃል፤ የሁለቱ ውፍረት ልዩነት ግን ከ0.05 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ናይለን በፀሐይ ብርሃን ስለሚጎዳ መኪና ውስጥ ወይም መስኮት ላይ አይቀመጥም፤ እኔ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ አኖረዋለሁ፤ አዲስ ዓመት ሲገባም ቀጭኖቹን በአዲስ እተካለሁ። የተቆረጠ ቁራጭ ክር በወንዝ ዳር ፈጽሞ መጣል የለበትም፤ በወፎች እግር ላይ ይጠመጠማል፤ ከብትም ከሣር ጋር ይውጠዋል።

ዓሣው ሲይዝ በኃይል መንጨቅ አያስፈልግም፤ ትንሽ መንጠቆ ሹል ከሆነ ዘንጉን ቀስ ብሎ ማንሳት ብቻ ይበቃዋል። ነጭ ዓሣ ሲያዝ ወደ ታች ፍሰቱን ተከትሎ ወደ ድንጋዮች መካከል ይሮጣል፤ በዚያን ጊዜ ፊት ለፊት ከመጎተት ይልቅ ዘንጉን ወደ ጎን አዘንብሎ ራሱን ማስዞር ይሻላል። በሐይቅ ዳር ቆሜ ሳጠምድ አንድ አረጋዊ ዓሣ አስጋሪ ታንኳቸውን አስጠግተው ክሬን በጣታቸው መካከል ካሹት በኋላ፣ "ልጄ፣ ይቺ ክር ቆሮሶ ትችላለች?" ብለው ጠየቁኝ። "ትችላለች ጋሼ፣ ካልተቻኮልሁ" አልኋቸው። ቆመው አዩ፤ ቆሮሶው ጎኑን እያዞረ ሲታገል ዘንጉ እየታጠፈ ድካሙን ሲቀበልለት ተመልክተው፣ ክሩ ከየት እንደሚገኝ ጠየቁኝ። በኪሴ ከነበረው ሰጠኋቸው።

ይሁን እንጂ ክር ለማቅጠን ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚያደርገውም የዓሣው ደኅንነት ነው። ክር በቀጠነ መጠን ትግሉ ይረዝማል፤ ትግሉ በረዘመ መጠን ዓሣው ይዝላል። በባሕር ወለል ላይ በ10 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውኃ 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ20 ዲግሪ ግን 9 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ይይዛል፤ በእኛ አካባቢ፣ በ2000 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ከዚህም አምስተኛ ያህሉ ይቀንሳል። ስለዚህ እኩለ ቀን ሲሞቅ፣ በተለይም የበጋው ውኃ በቀነሰበት ኩሬ ውስጥ፣ ከ0.12 ሚሊ ሜትር በታች አልወርድም፤ ከሰዓት በኋላም ብዙ ጊዜ አቆማለሁ። የማልበላውን ዓሣ በሥርዓት ለመመለስ መንጠቆዬ ላይ ያለውን ወደ ኋላ የሚመለስ ትንሽ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቄዋለሁ፤ ዓሣውንም እጄን አርጥቤ፣ ከውኃ ሳላወጣ እፈታዋለሁ። የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ስለሆነች፣ አፏ የተወጠረ ዓሣ ሲገጥም ሳይነካኩ ወዲያው መልቀቅ ያስፈልጋል። በሐይቅ ዳር ወንዱ ቆሮሶ የቆፈራቸው ክብ ጎድጓዶች በሚታዩበት ስፍራ እኔ ክር አልጥልም።

ወንዝ ውስጥ ገብቶ የሚያጠምድ ሰው ውኃ የማያስገባ ቦት ጫማ ያድርግ፤ በወሎ ወይና ደጋና ቆላማ ወንዞች ቢልሃርዚያ አለና፣ በባዶ እግር መቆም በተለይም ውኃው ቀስ ብሎ በሚሄድበትና ቀንድ አውጣ በሚታይበት ስፍራ አደገኛ ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚገባበት ከኮምቦልቻ በታች ባለው የቦርከና ክፍል ዓሣ ይዞ መብላትንም አልመክርም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓሣ ማጥመድን በፈቃድ የሚመራ ስለሆነ፣ በአዲስ ስፍራ ከመጀመር በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅና በሐይቆቹ ላይ የአስጋሪዎቹን ማኅበር ማነጋገር ተገቢ ነው። በተለይ በጾም ወራት የዓሣ ፍላጎት ስለሚጨምር አስጋሪዎቹ መረባቸውን የሚዘረጉበትን ስፍራ ጠይቆ ከዚያ መራቅ የጎረቤትነት ወግ ነው።

ዓሣ ቀርቦ አይቶ እንቢ ሲል ብዙ ሰው ወዲያው ዝንቧን ይቀይራል። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። በመጀመሪያ የቆምሁበትን ስፍራ አንድ ሁለት እርምጃ ቀይሬ ክሬ የሚያቋርጠውን የፍሰት ዓይነት አሳንሳለሁ፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይስተካከላል። ካልሆነ የጫፍ ክሩን ግማሽ ሜትር አስረዝማለሁ። ያም ካልበቃ አንድ ደረጃ አቀጥናለሁ፤ ክሩን በሸክላ አሽቼ ዓሣው ተረጋግቶ ወደ መብላቱ እስኪመለስ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ዝንቧን የምቀይረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲሆን፣ ስቀይርም ቀለሟን ሳይሆን መጠኗን ነው፤ ከ18 ወደ 20 እወርዳለሁ።